ከሐዲዱ ሥር ያለው ባዶ

ለታናሽ እህቴ፣

ጃርት ትቀልባለች ብለው የነገሩሽ ውሸት ነው። ዱቄት መበተኔ እውነት ነው፤ የበተንሁት ግን ዱካ ለማየት እንጂ ለማብላት አይደለም። ከጃርት ጋር ታወራለች የሚለውንም ሰምቻለሁ። የማወራው ከልጅሽ ጋር ነው፤ ከሁለቱ የትኛው የተሻለ እንደሚሰማ ግን እንጃ።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስሽ። ወገብሽ እንዴት ሆነ? ያ ሳልሽስ ለቀቀሽ? እኔ ጉልበቴ እንቢ ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል እንቅልፍ አለኝ ማለቴ አይደለም። ፈርቻለሁ፣ እህቴ።

ከጓሮዬ በኩል ሐዲዱ የተዘረጋበትን የአፈር ክምር ታውቂዋለሽ፤ ልጆቻችን እየተንከባለሉ ልብሳቸውን የጨረሱበት ነው። ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ጃርት ገባበት። ልጅሽ የሐዲድ ጥገና አለቃ ነውና ነገርሁት። ሠራተኞቹን ይዞ መጣ፤ የጉድጓዶቹን አፍ በድንጋይና በሲሚንቶ ደፈነ፤ ላዩንም እንደ ቤት ግድግዳ አለስልሶ ሄደ። ተቆጣጣሪዎች መጥተው አዩለት፣ አመሰገኑትም። አፉ ተደፈነ እንጂ ሆዱን ማንም አልነካውም።

ሲሚንቶው ሲደርቅ በክምሩ ግራና ቀኝ ዱቄት ነሰነስሁ። በማግስቱ ዱካው በወዲያኛው ጎን ታየ፤ ቀድሞ ቀዳዳ ባልነበረበት። እንስሳው ቢዘጋበት ሌላ በር ከፍቷል፤ ክምሩን ከዳር እስከ ዳር ቦርቡሮታል ማለት ነው። ባለፈው ዝናብ ደግሞ ከወዲያ የገባው ውሃ አፈር ይዞ፣ ወፍሮና ቀልቶ፣ በእኔ ጓሮ ወጣ። ድሮ ባቡሩ ሲያልፍ ብርጭቆዎቼ ይንጫጩ ነበር። አሁን ከሥር ባዶ በርሜል የሚደበድቡ ይመስላል። በመጣ ቁጥር ተነሥቼ የበሩን መቃን እይዛለሁ፤ ጅራቱ እስኪያልፍ አልተነፍስም።

ልጅሽን ጠርቼ አሳየሁት። መጀመሪያ ሳቀብኝ፤ ዱቄቱን ለዳቦ ቢያደርጉት ይሻል ነበር አለኝ። ከዚያ ተንበርክኮ ክንዱን እስከ ትከሻው በአዲሱ ቀዳዳ አስገባ። ሲያወጣው ሳቁ የለም። በሥርዓቱ ከሆነ ክምሩ ተቆፍሮ፣ አፈሩ እየተጠቀጠቀ መሞላት፣ በላዩም የሽቦ መረብ መልበስ አለበት፤ ይህን የነገረኝ ራሱ ነው። ለዚያ ግን ሐዲዱ ይዘጋል። ታዲያ አስዘጋዋ አልሁት።

«እትዬ፣ ደህና ነው ብዬ ፈርሜያለሁ። አሁን ዝጉ ብል መጀመሪያ የምባረረው እኔ ነኝ። ዝናቡ እስኪያባራ ይታገሡኝ።»

ክምሩስ ይታገሣል ወይ ብዬ ብጠይቀው የክንዱን አፈር እያራገፈ ሄደ። እኔም ለማንም አልተናገርሁበትም፤ ገላውን አጥቤ ያሳደግሁት ልጅ ነውና።

ዛሬ ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ልትጠይቂኝ ስታስቢ ልጅሽ ባቡሩ ለወገብሽ አይስማማም፣ በአውቶቡስ ሂጂ እንዳለሽ ጽፈሽ አሳቢነቱን አመስግነሻል። በዚያ ጎርባጣ መንገድ፣ ያውም ለወገብ! ሚስቱና ልጆቹም ሰሞኑን በአውቶቡስ ነው የሚመላለሱት፤ ከደጄ ሲወርዱ አያቸዋለሁ። ያንን መስመር ደጋግሜ አነበብሁት። አንቺም የጻፍሽውን መለስ ብለሽ አስቢው፤ ከዚያ ፍረጂብኝ። የጠዋቱ ባቡር ተማሪና ገበያተኛ ጭኖ ነው የሚያልፈው። እነርሱን በአውቶቡስ ሂዱ ያላቸው የለም።

ይህ ሲደርስሽ ነገሩ ያለቀ ይሆናል። ፈጣሪ ወገብሽን ያጽናልሽ፤ ከልጅሽም ጋር አያቀያይመን።

ነገ በመጀመሪያ ጫማዬን አጠልቃለሁ። የጣቢያው ኃላፊ ቢሮውን ሲከፍት በሩ ላይ ያገኘኛል፤ የጠዋቱ ባቡር ሳይነሣ። ካላመነኝ እጁን ይዤ እስከ ቀዳዳው እወስደዋለሁ፤ እርሱም ክንዱን ያስገባ። ከዚያ ቤቴ ተመልሼ ለልጅሽ ምሳ እሠራለሁ። ከሥራው ሲያባርሩት ወደ ማን እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ለመጮህም ቢሆን ይመጣል።

ታላቅ እህትሽ