ያጠፋሁት ነጭ ነጥብ

ጥቅምት 3

ሥራ ቀዝቀዝ ያለበት ቀን። አራት የመታወቂያ ፎቶ፣ አንድ ሙሽራ... ሦስቴ ዓይኑን ጨፈነብኝ።

ከሰዓት እህቴ ልጇን ይዛ መጣች። ሚጡ ሁለት ዓመት ሞላት! በስንት ፉጨት፣ በስንት ልመና አንድ ጥሩ ፎቶ አገኘሁ። ግን ፍላሹ አበላሸው። ግራ ዓይኗ ቀይ፣ ቀኙ ነጭ፣ የድመት ዓይን።

«ወንድምዓለም፣ ይሄን ነገር አጥፋልኝ እንጂ!» አለች እህቴ።

ለኔ ይቺ ምን አላት? ሁለቱንም ጥቁር ቀባኋቸው። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። አላስችል ብሎኝ ያልተነካውንም አተምኩና «በፊት»፣ «በኋላ» ብዬ ጎን ለጎን መስኮቱ ላይ ሰቀልኳቸው። ደንበኛ የእጄን ሥራ ይይ። ጉራ ነው? ትንሽ።

ጥቅምት 8

ሱቁን ዘግቼ ነው የምጽፈው።

ጠዋት አንዲት ጠና ያሉ ሴት ለመሥሪያ ቤት መታወቂያ ፎቶ ሊነሱ መጡ። መስኮቱ ጋ ቆመው ቀሩ። ሥራዬን ያደነቁ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ!

«ይህች ልጅ የማን ናት?»

«የእህቴ። ምን የመሰለች...»

«እውነተኛው የቱ ነው?»

«በፊት የሚለው። ግን አስተካክዬዋለሁ።»

«አላስተካከልከውም የኔ ልጅ። ሸፍነኸዋል።»

የዓይን ሐኪም ናቸው ለካ። አስረዱኝ። የፍላሹ ብርሃን ዓይን ውስጥ ገብቶ፣ ከኋላ ካለው ደም የበዛበት ግድግዳ ነጥሮ ሲመለስ ቀይ ይታያል። ነጭ ከሆነ ግን መሃል ላይ የበቀለ ነገር ሊኖር ይችላል። ምን? የሕፃናት የዓይን ካንሰር።

«ሊሆን ይችላል አልኩ እንጂ ነው አላልኩም። ፎቶው የተነሳበት አቅጣጫም አንዳንዴ ያመጣዋል። ግን ነገ ከነገ ወዲያ አይባልም፣ አሁኑኑ ትምጣ። በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል።»

ፎቶውን ሳይነሱ ሄዱ። እህቴ ጋ ደውዬ ሱቁን ዘጋሁ። ከዚያ የሚጡን ፎቶዎች በሙሉ ከኮምፒውተሩ አወጣሁ... የሰኔው ላይም አለ! ያው ቀኝ ዓይን፣ ስስ ነጭ። ያኔም ቀብቼዋለሁ። በገዛ እጄ! ያልተነካውን ባላስቀምጥ ኖሮስ?

ጥቅምት 9

ነው። ቀኝ ዓይኗ ውስጥ።

ጥቅምት 12

ዛሬ የሚጡን ዓይን ከውስጥ አየሁት! ሐኪሟ በማሽን ያነሱትን አሳዩኝ። ብርቱካንማ ሜዳ፣ ቀጫጭን ደም ሥሮች፣ ዳር ላይ ነጭ ዕጢ። ሃያ ዓመት ዓይን ሳነሳ ኖሬ ከብሌኑ ኋላ ምን እንዳለ አላውቅም! የጥያቄ መዓት አወረድኩባቸው። ግራውስ? ንጹሕ ነው። ወጥቶ ተሰራጭቷል? አልወጣም! እልል ልል ምንም አልቀረኝ፣ ሆስፒታል መሆኑ ትዝ ባይለኝ።

«መድኃኒትና ሌዘር እንሞክራለን። እምቢ ካለ ዓይኗ ይወጣል። ለሕይወቷ ግን ትልቅ ተስፋ አለኝ» አሉ።

ዓይኗ ይወጣል... ይቺን ቃል ቀኑን ሙሉ ሳኝካት ዋልኩ።

ኅዳር 20

የሚጡ ፀጉር ረገፈ። ባርኔጣዬን ነጥቃ አልመልስም ብላለች። ይሁንላት።

እህቴን ይቅርታ ጠየቅኳት። «አጥፋልኝ ያልኩህ እኔ አይደለሁ እንዴ?» አለች። ተቃቅፈን አለቀስን።

ጥር 15

አንድ አባት የልጁን ቀይ ዓይን ጥቁር አድርግልኝ አለ። የልጅ ዓይን አልነካም አልኩት። ምክንያቱን ሳስረዳው ግማሽ ሰዓት ሄደ። ሲወጣ ልጁን ብርሃን ላይ አቁሞ ዓይኑን እያየ ነበር። እህቴ ሰምታ «ደግሞ ሐኪም ሆንክልን!» ብላ ሳቀችብኝ።

ሚያዝያ 6

ዕጢው ሞተ! ዓይኗ አይወጣም! አይወጣም! ቀኙ እንደ ግራው አያይም፣ ለዓመታትም መመርመር አለባት። ይሁን! ዛሬ ግን ያንከባለልኩላትን ኳስ ግራው ተሸፍኖ በቀኝ ዓይኗ ብቻ ተከትላ ያዘችው።

ከሆስፒታል በቀጥታ ሱቅ መጣን። ሐኪሟም በምሳ ሰዓት ብቅ አሉ፣ ስድስት ወር የዘገየውን ፎቶ ሊነሱ። «ሽበቴን እንኳ ብትነካው አልከስህም» አሉ። ተሳሳቅን።

ቀጥሎ ሚጡ፣ ባርኔጣዬን እንዳደረገች። ግራው ቀይ። ቀኙ አሁንም ትንሽ ነጭ... ጠባሳው ነው አሉ ሐኪሟ። ኮምፒውተሩ ላይ ስከፍተው እጄ በልማዱ ወደ መቀቢያው ሄደ። እህቴ የእጄን አንጓ ያዘች።

«ወንድምዓለም፣ እንዳትነካት!»

ሚጡን ሳልነካት አተምኳት። የተቀባውን ከመስኮቱ አወረድኩና «በኋላ» ከሚለው ጽሑፍ ሥር እሷን ሰቀልኩ።