በቤታችን መብራት የተፈተንን ዕለት

ውድ እሸቱ፣ የሙሉ አባት፤

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈላት እንዳትል፤ እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ። ፊደሎቼ መስመር እየለቀቁ ሽቅብ ቢወጡ ሳቄ እያንቀጠቀጠኝ ነው። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ላጫውትህ።

ያ የፀሐይ ሰሌዳ እንደሰቀልከው ጣሪያው ላይ አለ። ትነዳላቸው የነበሩት የመንገድ ቀያሾች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ከነባትሪው ሰጥተውህ፣ ከሰቃ እስከ ከተማችን የቡ ድረስ እንደ አራስ ልጅ በብርድ ልብስ ጠቅልለህ ያመጣኸው። ከአሮጌ መኪና የፈታሃቸው ሁለት አምፖሎች ሲበሩ ጎረቤታችን አባ ዲጋ በሩ ላይ ቆመው «ይኼ ሰውዬ ፀሐይን ጓዳ አስገባት!» ያሉት ትዝ ይልሃል? አንተ ሙሉን አንገትህ ላይ አስቀምጠህ ስትጨፍር ጭንቅላቷን ከጣሪያው ልታጋጫት ነበር።

አሁን የባትሪውን ውሃ የምሞላው እኔ ነኝ። መሰላል ላይ ወጥቼ የሰሌዳውን አቧራ እጠርጋለሁ። ሴት ጣሪያ ወጣች ብለው ሲስቁብኝ የነበሩት ዛሬ መሰላሉን ይይዙልኛል።

የመሠረተ ትምህርት ዙር ሲጀመር የቀበሌያችን ሊቀመንበር መጥቶ ባትሪውን ለአዳራሹ ጠየቀኝ። «ባትሪው ከቤት አይወጣም፤ ተማሪዎቹ ይምጡ» አልኩት። መጡልህ! ከለቅሶው ወዲህ ጭር ያለው ቤት ሀሁ በሚሉ ሽማግሌዎች ተናጋ። እኔም አግዳሚ ወንበር ሳቀርብ ከርሜ አንድ ቀን ቁጭ አልኩ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያስነሣኝ።

ከዚያ ደግሞ፣ ጅማ እየተመላለስክ ስትጠይቀው የኖርከው የመብራት መስመር የቡ ገባ። ቆጣሪ ሊያስገባ የመጣው ሠራተኛ ወደ ጣሪያው አይቶ «እንግዲህ ይኼን አውርጂው፤ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ።

«ባሌ የሰቀለውን አላወርድም። መስመራችሁን ይጎዳል?»

ሳቀና «ሁለቱን ሽቦ እንዳታገናኚ እንጂ ይቀመጥ» አለ። ስለዚህ ቤታችን አሁን ሁለት ዓይነት መብራት አለው። ትምህርቱም መብራት ወደገባለት አዳራሽ ተዛወረ።

የፈተናው ዕለት አመሻሽ ላይ ዶፍ ወረደ። ዛፍ ሽቦው ላይ ወደቀና ከተማው ድርግም አለ። ሊቀመንበሩ «ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ» ሲል ሁላችንም ክው አልን። የቡና ለቀማው ደርሷል፤ ሰዉ አንዴ ከተበተነ ማን ይሰበስበዋል? ያን ሁሉ የደከምንበትን አስቤ ብድግ አልኩና «እኔ ቤት መብራት አለ!» አልኩ።

ሰው ሁሉ እርሳሱን ብብቱ ውስጥ ከትቶ፣ ጆንያ ተከናንቦ በጭቃው ተከተለኝ። ዝናቡ ስለሰነበተ ሰሌዳው በቂ ፀሐይ አላገኘም፤ ባትሪው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዳያሳፍረኝ ፈርቼ ነበር። ማብሪያውን ስጫነው ሁለቱም አምፖሎች ቦግ አሉ። እልልታው አባጅፋር ቤተ መንግሥት ሳይሰማ አልቀረም። አባ ዲጋ በዚያ ዕድሜያቸው አልጋችን ጫፍ ላይ ተቀምጠው ተፈተኑ፤ ሲጨርሱም ወደ ጣሪያው ቀና ብለው በኦሮምኛቸው «ገለቶሚ፣ እሸቱ» ብለው አመሰገኑህ።

ሁላችንም አለፍን! ሙሉ ለጓደኞቿ «እማዬም ተማሪ ናት» እያለች በእኔ ትኩራራለች።

ፈተናው ላይ ከራሳችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ ተብለን ነበር። እኔ «እሸቱ ባሌ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ቀብርህ ላይ የነበረችው መምህርታችን «ነበር» ብላ ልታርመኝ ቀዩን እስክሪብቶ አነሣች፤ ፊቴን አየችና መልሳ አስቀመጠችው። እኔም እጄ እርሳስ መያዝ እስኪያቅተው ድረስ እንዲሁ እጽፈዋለሁ፤ እሸቱ ባሌ ነው።

ሚስትህ፣ ወርቄ