ብቻቸውን ሜዳ ያልገቡት ወይዘሮ ብሩክታይት ጩማ

ወይዘሮ ብሩክታይት በ1967 ዓ.ም. በወላይታዋ በዴሳ ከተማ ከእህል ነጋዴው ከአባታቸው ከአቶ ጩማ ኤርሳዶና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቦሼ ጦና ተወለዱ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው በዴሳ፣ ሁለተኛ ደረጃን ሶዶ አክስታቸው ቤት ተቀምጠው አጠናቀዋል።

ቴኒስን የጀመሩት በ1984 ዓ.ም. ከክፍል ጓደኛቸው ከወይዘሮ አገርነሽ ጋር ነው። አባታቸው አጭሩን ቀሚስ አልወደዱትም፤ እናታቸው ከጉልበት በታች የሚወርድ ነጭ ቀሚስ ሰፍተውላቸው ነገሩ በሰላም አለቀ። ብሩክታይት ወሬ ወዳድ ስለነበሩ የነጠላ ውድድር አልሆነላቸውም። «ብቻዬን ገብቼ ከማን ጋር ላወራ ነው?» ይሉ ነበር። ከአገርነሽ ጋር በጥንድ ሲጫወቱ ግን በወላይትኛ እየተጣሩ፣ ተጋጣሚ ሳይገባው ኳስ ይከፋፈሉ ነበር።

በ1989 ዓ.ም. አብረው ለአንድ የአዲስ አበባ ክለብ ተሰለፉ። በ1991 ዓ.ም. ሁለቱም ከናይሮቢ ክለብ ጋር ተፈራርመው ቴኒስን መተዳደሪያቸው አደረጉ። በ1993 ዓ.ም. ከመምህር ሚልክያስ ክብረት ጋር ጋብቻ ፈጽመው ልጆቻቸውን ቤኒንና ትንሳኤን ወልደዋል።

በ1995 ዓ.ም. ካምፓላ ላይ፣ ግማሽ ፍጻሜ ሲጫወቱ፣ የአገርነሽ የጉልበት ጅማት ተበጠሰ። ክለቡ ኬንያዊት ጓደኛ ቢመድብላቸውም ብሩክታይት እምቢ ብለው ሻንጣቸውን አሰሩ። ያስቆሟቸው አገርነሽ ናቸው። ከተኙበት አልጋ ሆነው፣ «የእኔ መቀመጥ ይበቃል። አንቺ ተጫወቺና ደውለሽ ንገሪኝ» አሏቸው። ብሩክታይት እያለቀሱ ቀሩ። ከአዲሷ ጓደኛቸው ጋር ሁለት ዋንጫ አነሱ፤ ከየጨዋታው በኋላም ላባቸው ሳይደርቅ ሶዶ ለተመለሱት ለአገርነሽ ይደውሉ ነበር።

በ2000 ዓ.ም. ውድድር አቁመው ወደ ሶዶ ሲመለሱ፣ ከአገርነሽ ጋር አንድ ጊዜ ብቻ መጫወት እንደሚፈልጉ ተናገሩ። አገርነሽ መረቡ ሥር ቆመው፣ ብሩክታይት የኋላውን ሜዳ ብቻቸውን እየሮጡ፣ ሁለት ወጣቶችን ገጠሙ። ክፉኛ ተሸነፉ። ተመልካቹ ከንፈሩን ሲመጥ እነርሱ ተደጋግፈው እየሳቁ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ ዋንጫዎቻቸው ሲጠይቃቸው ብሩክታይት የሚያወሩለት ስለዚህ ሽንፈት ነበር።

ቀሪ ዘመናቸውን የሶዶ ልጃገረዶችን ሲያሠለጥኑ ቆይተው በ2008 ዓ.ም. በካንሰር ታመሙ። በሶዶው ኦቶና ሆስፒታልና በአዲስ አበባ በሕክምና ሲረዱ ሰንብተው፣ ጥቅምት 12 ቀን 2009 ዓ.ም. በ42 ዓመታቸው ዐርፈዋል።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እናታቸውን ትተው አልፈዋል። ሦስት ወንድሞች እንጂ እህት አልነበራቸውም። ሆኖም ይህ ታሪክ ሲነበብ ከቤተሰባቸው ጋር አንድ ስም እንዲጠራ ራሳቸው ተናዘዋል፦ እህታቸው፣ ወይዘሮ አገርነሽ።

የደከሙትን የሚያሳርፍ ጌታ ነፍሳቸውን በእቅፉ ይቀበል፤ ለቀረነው መጽናናትን ያድለን። አሜን።