እሺ የማይባልበት ግቢ

ጅቡቲ፣ ነሐሴ 2008

ዙፋንዬ፣

ፖስት ካርዱ ላይ በሚታየው ሰማያዊ ባሕር እንዳትሸወጂ፤ እኔ የማየው እንደ አዲስ ቆርቆሮ ነጭ ነው። እኩለ ቀን ላይ ከተማው በሩን ዘግቶ ይተኛል። ሀራሙስ በሚባለው ሰፈር፣ አክስቴ የምትሠራበት ቪላ በረንዳ ላይ ሆኜ ነዳጅ የጫኑ መርከቦች ያለ ድምፅ ሲያልፉ አያለሁ። ትናንት ቅኝ ገዢ የነበረውም፣ ዛሬ የመጣውም ጦር እዚህ ሰፍሮ መርከቦቹን ይጠብቃል። ማዶ የመን ትቃጠላለች፤ ሰዉን ግን የሚጠብቅ የለም።

የግቢው ዘበኛ ቶላ ከዚያ ያመለጠ ነው። ከጓደኛው ከከበበው ጋር ወደ ሳዑዲ ሲያቀኑ ኬላ ላይ ታጣቂዎች አስቆሟቸው። ከበበው ክርስትናው እንዳይታወቅበት ማተቡን ኪሱ ውስጥ ደብቆ ነበር። በዓረብኛ ሲጮኹበት ምንም አልገባውም፤ እንደ አገራችን ሰው ጎንበስ ብሎ «እሺ፣ እሺ» አለ። እነሱ «ሺዒ» ብለው ሰሙት፤ ከሚወጓቸው ከሺዓዎቹ ወገን ነኝ ያለ መሰላቸው። ለይተው ወሰዱት፤ አልተመለሰም።

እኛ ድሬዳዋ ለባጃጁም ለጎረቤቱም እሺ ስንል እንውላለን። እዚህ ግቢ ግን ቃሉ አይነሳም። «ከባሕሩ በኩል ይመልስልሻል» አለኝ ቶላ። ሳቅኩበት። ትናንት አክስቴ ለምሳ ስትጠራኝ ሳላስበው «እሺ» አልኩ። ባሕሩ ጸጥ እንዳለ አንድ የወንድ ድምፅ በትሕትና «እሺ» አለ። ቶላ በሩ ላይ ነበር፤ አፉን አልከፈተም፤ አንገቱን ብቻ ደፋ።

ቦታ አለቀብኝ። እማዬን ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም። ቶሎ ትምጣ ካሉሽ እንደምመጣ ንገሪያቸው፤ «እሺ ብላለች» ግን እንዳትዪያቸው።

ያንቺዋ ሶልያና