ደህና ነኝ ያልኩበት ኢንተርቪው

ማክሰኞ፣ ፌብሩወሪ 10

ወገቤ ታክሲ መንዳት ካስተወኝ ወዲህ ስጠብቀው የነበረው የዲስአቢሊቲ፣ ማለትም መሥራት ላልቻለ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት ድጎማ፣ ኢንተርቪው ዛሬ በስልክ ተደረገ። የመሥሪያ ቤቱ ሰው መጀመሪያ እንዴት እንደሆንኩ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ፤ መስመሩ ላይ የነበረችው አስተርጓሚም በአማርኛ ነገረችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኩ፣ አፌ ለምዶ።

አስተርጓሚዋ ከመተርጎሟ በፊት አስጠነቀቀችኝ። «ጋሼ፣ እንዳሉት ነው የምተረጉመው።»

ደነገጥኩ። «ቆይ ልጄ፣ ደህና አይደለሁም። አንድ ምሳ እንኳ ቁጭ ብዬ መጨረስ አልችልም።» ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ስልኩን ስዘጋ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማለች።

«ፌርፋክስ ሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ ስንወጣ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የምትዞረው ለዚህ ኖሯል? እኔ እኮ ወሬ ወደህ መስሎኝ!»

የድጎማው መልስ በፖስታ ይመጣል ተብሏል።

«ሌላስ ያልነገርከኝ ምን አለ?» አለችኝ።

ደህና ነኝ ማለት ስለለመድኩ፣ እኔም ለማወቅ ጓጉቻለሁ።