የተጠቃሚዎች ብዛት፦ አንድ

ለተከበሩ የጡረተኞች ማኅበር የኮምፒውተር አገልግሎት ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተ ሰብዎና ማኅተሙ ዕረፍት ለማያውቀው ጽሕፈት ቤትዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። እኔም ደኅና ነኝ፤ ቤቱም ጸጥ ብሏል።

ሠላሳ አራት ዓመት ሰዋስው ያስተማርሁ ሰው እንደ መሆኔ፣ ምስጋና በጽሑፍና በአደባባይ ሊቀርብ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ባለፈው ወር ባለሙያዎ ቤቴ ድረስ መጥተው በአሮጌው ኮምፒውተሬ ላይ ለፈጸሙት ሥራ ያለኝን ምስጋና የማኅበሩ አባላት ሁሉ ያነብቡት ዘንድ፣ ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ።

ጥያቄዬ ቀላል ነበር። ኮምፒውተሩ ተነሥቶ ለሥራ እስኪበቃ ድረስ እኔ ጢሜን ተላጭቼ እጨርሳለሁ፤ አንድ ቀን መበላሸቱ እንደማይቀርም አውቃለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ያረፈችው ባለቤቴ ነርስ ነበረች፤ ጡረታ ከወጣች በኋላ፣ እኔ ትምህርት ቤት ስውል፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የጻፈችው ሁሉ በስሟ በተሰየመ አንድ ፎልደር ውስጥ ይገኝ ነበር። ሃርድ ዲስኩ ለሁለት ቢከፈልና የእርሷ ጽሑፍ በአዲሱ ፓርቲሽን ቢቀመጥ፣ የፊተኛው ቢበላሽ እንኳ የኋለኛው እንደሚተርፍ ሰማሁ። የጠየቅሁትም ይህንኑ ነው፤ ለእርሷ የራሷ ክፍል እንዲሠራላትና ፎልደሩ ሳይከፈት ወደዚያ እንዲዛወር።

፩ኛ. ስለ ባለሙያዎ ቅልጥፍና አመሰግናለሁ። ዲስኩን ሊከፍሉ ሲሞክሩ መሀል ላይ የተቀመጡ ፋይሎች አንነቀልም ብለው ቦታ እንደ ከለከሏቸው ነግረውኛል። ሌላ ሰው ቢሆን ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጦ፣ ከፍሎ፣ መልሶ ሲያስቀምጥ ግማሽ ቀን ያባክን ነበር። እርስዎ ያሠለጠኗቸው ባለሙያ ግን ሁሉንም ፎርማት አድርገው፣ እኔ ጓዳ ገብቼ ሻይ አፍልቼላቸው እስክመለስ ጨርሰው ቆዩኝ። «ጋሼ፣ እንደ አዲስ ሆኖልዎታል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሁለት ፓርቲሽን፣ ሁለቱም ባዶ።

፪ኛ. ስለ ቅጽዎ አመሰግናለሁ። ፎልደሩ የት እንደ ደረሰ ብጠይቃቸው፣ «ጋሼ፣ ለእኔ የደረሰኝ ዲስኩ ይከፈል የሚለው ቅጽ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ የተጠቃሚ ብዛት አንድ ብለዋል እኮ። ከእርስዎ በፊት ኮምፒውተሩን የያዘ ሰው ትቶት የሄደ መስሎኝ ነው» አሉኝ። ቅጂውን አውጥቼ አየሁት። በእጄ፣ በጥሩ ጽሕፈት፣ «አንድ» ይላል። ተማሪዎቼን በቅጽ ላይ እውነቱን ብቻ ጻፉ እያልሁ ያሳደግሁ ሰው ነኝና፣ በዚያች መስመር ላይ ብዕሬን ይዤ ብዙ ከቆየሁ በኋላ እውነቱን ጽፌ ነበር። በዚህ ነጥብ የማመሰግነው ራሴንም ጭምር ነው።

፫ኛ. አቤቱታዬን ባቀረብሁ በዘጠነኛው ቀን «ሥራው በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል፤ መዝገቡ ተዘግቷል፤ ቅጂ መያዝ የባለ ጉዳዩ ግዴታ ነው» የሚል መልስዎ ደርሶኛል። ቅጂ ያልያዝሁበትን ምክንያት እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ። በጠረጴዛችን ላይ ሁለት መሳቢያ ነበረ፤ ግራው የእርሷ፣ ቀኙ የእኔ። በአርባ አንድ ዓመት ትዳር አንዳችን የሌላውን ከፍተን አናውቅም፤ ያልተሰጠንን ጽሑፍ ማንበብ ከስርቆት አይለይም ብዬ ይህን ሥርዐት ያወጣሁት እኔ ነኝ። ኮምፒውተር ሲገባም ሥርዐቱ ወደ እርሱ ተዛወረ። ካረፈች በኋላ እንኳ ፎልደሩን አልነካሁትም። ጧት ጧት ኮምፒውተሩን አስነሥቼ፣ ስሟ በቦታው መኖሩን አይቼ፣ መልሼ አጠፋው ነበር። ያን ጊዜ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ በዚያ ውስጥ ምን እንደ ተጻፈ የሚያውቅ አንድም ሰው በሕይወት የለም፤ ለእኔ የተባለ ቃል ኖሮበት እንደ ሆነም አላውቅም።

ጎረቤቴ ፎቶግራፍ አንሺዋ እርሷም ሥራዋ ጠፍቶባት ያውቃልና፣ «ጋሼ፣ በምንም ተአምር እንዳያበሩት። አዲስ ነገር ካልተጻፈበት የጠፋው ሊገኝ ይችላል፤ ከተጻፈበት አበቃ» አለችኝ። ስለዚህ ገመዱን ነቅዬ በፎጣ ከሸፈንሁት ሃያ ሦስት ቀን ሆነው፤ ይህንም ደብዳቤ በብዕር የጻፍሁት ስለዚሁ ነው። የጠፋ ፋይል መመለሻ መሣሪያ ከነማሸጊያው በቁም ሣጥንዎ ውስጥ እንደሚገኝ ተረድቻለሁ። ለእርሱ ዕረፍት ያለዎትን ክብር ባልነካም ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን የዘጉት መዝገብ ተከፍቶ መሣሪያው ወደ ቤቴ እንዲላክልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ከጽሑፏ ጥቂት እንኳ ቢገኝ፣ ሥርዐቴን አፍርሼ አነብበዋለሁ።

መዝገብ በመዝጋት ያልደከመ እጅዎ በመክፈትም እንዳይዝል እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ፤

የማኅበርዎ አባል፣
ጡረተኛው የሰዋስው መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከመልስዎ ጋር የላኩልኝን የእርካታ መጠይቅ ሞልቼ አያይዣለሁ። «የተጠቃሚዎች ብዛት» የምትለዋ መስመር እዚያም ላይ አለች። በዚህኛው ላይ «ሁለት» ብያለሁ። በቅጽ ላይ ሐሰት ስጽፍ ይህ በዕድሜዬ የመጀመሪያው ነው፤ ሐሰት መሆኑን የሚጠራጠሩ ከሆነ ግን ቁም ሣጥንዎን ከፍተው፣ መሣሪያውን ልከው ማጣራት ይችላሉ።