በስምዎ ስለ ራሴ የጻፍኩት የድጋፍ ደብዳቤ

ለክቡር ፕሮፌሰር ሻርሼንቤክ ኦሞሮቪች
የጥገኛ ትላትል ምርምር ተቋም ዳይሬክተር
ቢሽኬክ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ እንደምን እንደ ሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ይልቁንም ሳያነቡ የሚፈርሙበት ቀኝ እጅዎ ደህና ይሆን ዘንድ ከናሪን ተራሮች ሥር ሆኜ እመኛለሁ። እኔ ቡሩልካን ኢሳኮቫ እባላለሁ። በተቋምዎ ስድስት ዓመት የሠራሁ ነኝና ራሴን ማስተዋወቅ ባላስፈለገኝ ነበር፤ ግን እንደሚያስፈልግ ወደ ታች ሲወርዱ ይረዱታል።

እንደሚያስታውሱት (ካላስታወሱም አልቀየምም)፣ ባለፈው ዓመት ግማሹን በአገራችን፣ ግማሹን በአውሮፓ በሚሰጠው የጋራ የዶክትሬት ትምህርት ለመወዳደር አመልክቼ ነበር። ላጠና የፈለግሁት ከውሻ ወደ ሰው ተላልፎ ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት የሚያበቅለውን ትል ነው። ታላቅ እህቴ በዚህ ትል ምክንያት ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፤ ስለዚህ ነገሩ ለእኔ የወረቀት ጉዳይ አይደለም። ቅሬታዎቼም የሚከተሉት ናቸው።

፩ኛ. የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ ቢሮዎ ብገባ፣ እንደ ተቋማችን ልማድ «ራስሽ ጽፈሽ አምጪ፣ እፈርማለሁ፤ ደግሞ እንዳታስረዝሚው» አሉኝ። ስለዚህ ታላቅ እምነት አመሰግናለሁ። ነገር ግን እናቴ «ራሷን የምታሞግስ ልጅ ማን ያገባታል?» እያለች ያሳደገችኝ በመሆኔ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አምጬ የወለድኩት «ቡሩልካን ሰዓት ታከብራለች፤ ዕቃም አትሰብርም» የሚል ብቻ ሆነ። እርስዎም ሻይዎን ፉት እያሉ ፈረሙበት። በዚያው ቀን፣ በዚያው እስክሪብቶ፣ የእህትዎ ልጅ ኡላርቤክ ስለ ራሱ ጽፎ ያመጣውን ፈረሙ፤ እርሱ ግን በእርስዎ አንደበት «በአርባ ዓመት የማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለ አእምሮ አልገጠመኝም» ብሎ ነበር። ኡላርቤክ ውሻ ሲያይ የመኪና ጣሪያ ላይ የሚወጣ ወጣት መሆኑን ደብዳቤው አይገልጽም። መራጮቹ እርሱን ተቀበሉት። እኔን ግን «ኃላፊዋ ስለ አመልካቿ ብዙ የሚሉት ያላቸው አይመስልም» ብለው መለሱኝ። አንብቤው አለቀስኩ።

፪ኛ. መራጮቹ ከመወሰናቸው በፊት ስለ እኔ ሊጠይቁዎ ስልክ ደውለው ነበር። ጸሐፊዎ እትዬ ቱርዱኩል እንደ ነገረችኝ፣ የሰጡት መልስ «ማን? ቡሩልካን? እ፣ ያቺ ሻይ የምታፈላው ልጅ! ጨዋ ናት» የሚል ነው። ጨዋ ስላሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሻይ የምታፈላው ግን ባክትጉል ናት።

እኔ በአት-ባሺ አሥራ ሁለት መንደሮች አራት ክረምት ከበረዶ ላይ ናሙና የለቀምኩት ነኝ። ሽማግሌው እረኛ አባባ ጁማካዲር «አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ዘመን የተማርሽው የውሻ አር ልትለቅሚ ነው?» ብለው ከሳቁብኝ በኋላ ኩሚስ የምንለውን የኮመጠጠ የፈረስ ወተት ይቀዱልኝ ነበር፤ ዛሬ ውሾቻቸው መድኃኒት የሚወስዱበትን ቀን የሚያስታውሱኝ እርሳቸው ናቸው። አንድ ሺህ አራት መቶ ናሙና በእጄ መርምሬአለሁ። ትሉ ከየትኛው መንደር ወደ የትኛው እንደሚሄድ የሚያሳየውን ካርታ የሠራሁት እኔ ነኝ። እርስዎ በየጉባኤው እየያዙት የሚወጡት ያ ካርታ ነው። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳምና እነሆ ጮኽኩ፤ እናቴ ይቅር ትበለኝ።

፫ኛ. የዕድሜ ገደቡ ሠላሳ ሁለት ነው፤ እኔም በመጪው ጥር ሠላሳ ሦስት ይሞላኛል። ማመልከቻው የሚዘጋው ዓርብ ስለ ሆነ ሌላ ዓመት የለኝም። ዘንድሮም ደጅ ብጠና «ጽፈሽ አምጪ» አሉኝ።

እንደ ትእዛዝዎ ጽፌ አመጣሁ። የዘንድሮው የድጋፍ ደብዳቤ ይኸው ያነበቡት ነው። ያለፈውን እኔው እንደ ጻፍኩት በዚሁ ለመራጮቹ አምኛለሁ፤ በዚህ ምክንያት ከጣሉኝም፣ በሰው ስም ተሸሽጌ ከምመረጥ በገዛ ስሜ ብወድቅ እመርጣለሁ። ከታች ለፊርማዎ ክፍት ቦታ ትቻለሁ።

በእርስዎ ትከሻ ላይ ሳይሆን በገዛ እግሯ የቆመች፣ ሰዓት የምታከብር፣ ዕቃ የማትሰብር ታዛዥዎ፣
ቡሩልካን ኢሳኮቫ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ማክሰኞ ዕለት ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ጠረጴዛዎ ላይ አኑሬው ነበር፤ ከሻይ በኋላ ፈርመው መልሰውልኛል። ዛሬ ጠዋት ለመራጮቹ ልኬዋለሁ፤ ግልባጩንም ለጋዜጣ ሰጥቻለሁ። ማኅተሙን ግን እትዬ ቱርዱኩል ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አንብባ ነው የመታችበት።